አዲሱን ቤት እንደ አዲስ መሥራት

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ፊኒሺንጉ የት ደረሰ?» ከወር በኋላም ያው፣ ከዓመት በኋላም ያው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ መሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት፣ ሁለት ባለ ዕጣዎች ከተገናኙ ወሬያቸው ስለ ሴራሚክ ዋጋ፣ ቀብድ ይዞ ስለጠፋ አናጺ፣ ከላይ ቤት ስለሚንጠባጠብ ውሃ ነው። እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ። የሁላችንም እሮሮ አንድ ዓይነት መሆኑ መጀመሪያ ያጽናናኝ ነበር፤ አሁን ግን እሱው ራሱ ያናድደኛል። አንድ ቤት ቢያፈስ አጋጣሚ ነው ይባላል። ብሎኩ ሁሉ፣ ሳይቱ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያፈስ ግን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ምስጋና ቢስ መባል አልፈልግም። አከራይ በፈለገው ጊዜ «ወይ ጨምሪ ወይ ልቀቂ» ሲል በኖርኩበት ከተማ የራስ ጣሪያ ማግኘት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው ስማቸው «የ97 ተመዝጋቢ» ሆኖ የቀረ ሰዎች አሉ። በ2005ቱ ምዝገባ ገብተው ከልጆቻቸው አፍ እየነጠቁ በየወሩ የቆጠቡ፣ እስከ ዛሬ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ የሆነባቸውም አሉ። በሐምሌ 1 ቀን 2014 ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ እልልታው ሳይበርድ ማጭበርበር ተገኘበት ተብሎ ተሰርዞ፣ በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱን ማን ይረሳል? ስሙ በመጀመሪያው ዝርዝር ወጥቶ በሁለተኛው የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ቡና አፍልቶ ነበር። ስለዚህ ዕጣ የወጣላት ሴት ማማረሯ ለሰሚ ሊከብድ ይችላል። ግን የወጣልን በነጻ አይደለም። 20/80 ማለት ሃያ በመቶውን ከጉሮሮ ቆጥቦ ሰማንያ በመቶውን ከባንክ ተበድሮ በወለድ መክፈል ነው። ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን።

ቤቱ ሳያልቅ መሰጠቱ አያስመርረኝም። ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስናማርር ሁልጊዜ የሚሰጠን መልስ «ቤቱ እኮ በከፊል ተጠናቅቆ እንደሚሰጥ ታውቁ ነበር» የሚል ነው። አውቅ ነበር። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ወለሉ ሴራሚክ እንደሌለው፣ የውስጥ በር እንዳልተገጠመ፣ የኩሽና ካቢኔት የራሴ ዕዳ እንደሆነ አውቄ ነው የፈረምኩት። እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። የሰው አቅም ይለያያል፣ ምርጫውም ይለያያል፤ ያለው እምነበረድ ያንጥፍ፣ የሌለው ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይኑር። የሚያስመርረኝ ያልተሠራው አይደለም። ተሠርቷል ተብሎ የተለሰነበት፣ የተሸፈነበት፣ ከነዋጋው የተከፈለበት ነው። ቤቴን ላስውብበት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ያለቀው የተሠራውን አፍርሶ በመሥራት ነው። ለመጋረጃ ያሰብኩት ቧንቧ ውስጥ ገባ፣ ለልጆች አልጋ ያልኩት ግድግዳ ውስጥ ተቀበረ።

መታጠቢያ ቤቱን ልንገራችሁ። እኔ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። የተነጠፈውን ሴራሚክ ሳልነካ መታጠቢያውን በመስታወት መከለል፣ የእጅ መታጠቢያውን መቀየር፣ በቃ። የሴራሚክ ሠራተኛው መጣ፤ ልምድ ያለው፣ አነጋገሩ የተረጋጋ ሰው ነው። መለኪያውን ሳያወጣ በፊት «እትዬ፣ እስቲ አንድ ጆግ ውሃ» አለኝ። ሰጠሁት። ወለሉ መሐል አፈሰሰው። ውሃው ትንሽ ቆመና ወደ መውረጃው ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ እያለ ወደ በሩ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ደረሰ። ሰውየው ውሃ ልኩን አስቀመጠና አረፋዋን አሳየኝ። «ስሎፑ የተሠራው በተቃራኒው ነው። ይሄ ላይ መስታወት ብገጥምልዎ ሳሎን ይዋኛሉ።»

ሴራሚኩ ተነሣ። መነሣት እንኳ አይባልም፤ በመዶሻ ጠርዙ ሲነካ በራሱ ተነቅሎ መጣ። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ አልነበረም፤ በጣት ሲነኩት የሚራገፍ፣ ሲሚንቶ ያልነካው የሚመስል አሸዋ ነው። የውሃ መውረጃው አፍ ውስጥ ደግሞ ተጠቅልሎ የተወተፈ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተገኘ። ግንበኛው በሥራ ላይ ሳለ ቆሻሻ እንዳይገባበት ወትፎት፣ ማንም ሳያወጣው በላዩ ተነጥፎበታል። ሠራተኛው ወረቀቱን ጎትቶ ሲያወጣ ሥሩን የደረቀ ሲሚንቶ ድፍን አድርጎታል። ጎን ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሏል። ማጣበቂያ የለውም፣ ጎማ የለውም፤ ሰማያዊ ፌስታል ነው። ሠራተኛው እያገላበጠ አየውና «እዚህ ብሎክ ላይ ሦስተኛዬ ነው፤ ሁሉም ጋ ያው ነው» አለኝ። ሦስት ቤት ተሰባብሮ ሦስቱም ጋ ፌስታል ከተገኘ አራተኛውም አምስተኛውም ጋ አለ ማለት ነው። እነሱ ገና አላዩትም እንጂ።

ያን ሰሞን ከታች ቤት ያሉት እማማ ደረጃውን እየተደገፉ ወጡ። «ልጄ፣ ውሃሽ እላዬ ላይ እየወረደ ነው» አሉኝ። አንጀቴ ተላወሰ። ወርጄ አየሁት፤ የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ጠቁሮ ቀለሙ ተልጦ ተንጠልጥሏል። «እማማ፣ እኔ እኮ ገና ውሃ አልከፈትኩም፤ ቆጣሪዬም አልገባም» አልኳቸው። ውሃው ከእኔ በላይ ካለው ቤት ተነሥቶ በእኔ ግድግዳ ውስጥ አልፎ እሳቸው ጋ የሚደርስ ነበር። ከላይ ያለው ደግሞ ቤቱን ያከራየ ሰው ነው፣ ስልኩ አይነሣም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰላምታ መቋረጥ፣ በልጆች ማሳበብ፣ ቀበሌ እከስሻለሁ መባባል። አብረው ዕድር መግባት፣ ልጅ ማሳደግ የነበረባቸው ሰዎች ገና ሳይተዋወቁ ይኮራረፋሉ። ጥፋቱ የማናቸውም ሳይሆን ከዓመታት በፊት ፌስታሉን ጠቅልሎ የሄደው ሰው ነው። እሱ የለም። ያለነው እኛ ስለሆንን እርስ በርሳችን እንጣላለን።

መብራቱም ከዚህ አይሻልም። ማንኛውም የኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ምጣድ እንዳለ ቤት የሚሠራ ሰው ሊጠፋው አይችልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ማለት ነው፤ ተራ ሶኬት የሚችለው ደግሞ ቢበዛ 16 ነው። ስለዚህ ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ይህ የተራቀቀ ነገር አይደለም፤ ማንኛውም የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል። የእኔ ኩሽና ውስጥ ምጣድ የሚሰካበት ተብሎ የተተወው ሶኬት ሲፈታ ለአምፖል የሚሆነው ባለ 1.5 ሽቦ ነው የተገኘው። ያውም ከመኝታ ቤቱ ሶኬት ጋር ተያይዞ። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ይህን ሳታውቅ ገብታ ጋግራ ነበር፤ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው እስከ ላይ ጠቁሯል። ልጆቿ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበሩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የሚቃጠለው ሶኬት ብቻ ላይሆን ይችል ነበር። አዲስ መስመር ለመሳብ የተለሰነ ግድግዳ ይቦረቦራል፣ ብሎኬቱ ይፈረካከሳል፣ እንደገና ይለሰናል፣ እንደገና ይቀባል። ለአንድ ሽቦ ሲባል ለአራት ባለሙያ ይከፈላል።

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ይህን ኑሯችንን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለእንጀራ ጋገራ ተብሎ በየግቢው የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲሠራ የተደረገው ለዚህ ነው። ብሎኬቱን፣ ቢሙን፣ በርና መስኮቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱት መደረጉም ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ሐሳቡ ላይ ጥል የለኝም። ጥሌ ከቁጥጥሩ ጋር ነው። ልስኑ ሲለሰን፣ ቧንቧው ሲቀበር አጠገቡ ቆሞ «ይሄን አንሣ፣ እንደገና ሥራ» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ ዕቃ ማስገባቱ ልምጣ። እዚህ ላይ የማይንገበገብ አዲስ ገቢ የለም። ሴራሚክ፣ ሲሚንቶ፣ ፍሪጅ፣ አልጋ፣ ምንም ይሁን ምን፣ መኪናው ግቢው በር ላይ ሲደርስ ወጣቶች ይከቡታል። «የሳይቱ ጫኝና አውራጅ እኛ ነን» ይላሉ። ዋጋ የሚጠሩት ዕቃውን አይተው ሳይሆን ፊትሽን አይተው ነው። ወንድሞቼ ያወርዱልኛል ብትዪ አይቻልም፤ አውርጂ፣ ግን የእኛን ክፈዪ ይላሉ። ላልሠሩት ሥራ ማለት ነው። አንዲት የማውቃት መምህርት አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ለማውረድ የተጠየቀችው ገንዘብ ከአንዱ ኩንታል ዋጋ በልጦባት ሹፌሩን ይዛ ተመልሳለች። ሹፌሩ ደግሞ ለመመለሻው አስከፈላት። ሥራ ፈላጊ ወጣት ሠርቶ መብላቱን የሚጠላ የለም፤ ላቡን ላፈሰሰ ይከፈለው። ግን ድሃ በድሃ በር ላይ ቆሞ ሲያስገድድ፣ ጥበቃው ደግሞ ፊቱን ሲያዞር ማየት ያሳዝናል። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ ቀረጥ መክፈል የለበትም።

ባለሙያ ማግኘትማ ሌላ መከራ ነው። ቀብድ ካልተቀበለ ሥራ አይጀምርም፤ ቀብድ ከተቀበለ ደግሞ ሌላ ቤት ይጀምራል። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ይላል፤ ነገ ስልኩ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን «አክስቴ ሞታብኝ» ብሎ ይመጣል። ተበሳጭተሽ ሌላ ብትፈልጊ አዲሱ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው የፊተኛውን ሥራ ማጣጣል ነው፤ «ማን ነው እንዲህ ያበላሸብዎ?» እሱም ሲሄድ የሚቀጥለው ስለ እሱ ያንኑ ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ የሚሆነው ጥሩዎቹ ጥቂት ስለሆኑና ሁሉም ሰው ስለሚሻማቸው ነው። በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ቤት ቁልፍ ሲሰጥ፣ ሁሉም በአንድ ወር አናጺ፣ ለሳኝ፣ ቀለም ቀቢ ሲፈልግ፣ ትናንት አሸዋ ይሸከም የነበረ ልጅ ዛሬ ሴራሚክ ሠራተኛ ነኝ ቢል ማን ይመልሰዋል? የሴራሚኩ መሐል በሳንቲም ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው፣ ዞኮሎው ከግድግዳው የሚሸሸው፣ የበሩ መቃን ቱምቢ ሳይነካው የሚገጠመው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋውን ሳላነሣ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሴራሚኩ፣ የቧንቧ ዕቃው፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ የበር ቁልፉ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። መርካቶ ጠዋት የጠየቅሽው ከሰዓት ያው አይደለም። ለአንድ ወለል የሚሆን ሴራሚክ በአንድ ጊዜ መግዛት ያልቻለ ሰው ግማሹን ገዝቶ ሲመለስ ያንኑ ቀለም አያገኝም፤ ስለዚህ ሳሎኑና ኮሪደሩ ሁለት መልክ ይሆናል። ያ ምንም አይደለም፤ ይኖርበታል። የሚያንገበግበው፣ በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገዛው ዕቃ የሚውለው ለማስዋብ ሳይሆን አንዴ ተከፍሎበት የነበረውን ሥራ ለመተካት መሆኑ ነው። አገር በጭንቅ ባገኘችው ዶላር የገባ ቧንቧ አንዴ ይቀበራል፣ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ሁለተኛ ይገዛል። የተገጠመው የላሜራ በር አልዘጋ ብሎ ወይም በአንድ ክረምት ዝጎ ይነቀልና ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል። በየብሎኩ ጥግ የተቆለለውን የሴራሚክ ስባሪ፣ የልስን ፍርስራሽ፣ የተነቀለ መቀመጫና ቧንቧ ተመልከቱት። አንድም ሰው ሳይጠቀምበት ያለቀ ዕቃ ነው።

በዚያ ላይ ጩኸቱ አለ። ሁሉም በየአቅሙ፣ በየጊዜው ስለሚጨርስ ግራይንደርና ድሪል ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ አያርፍም። አንዱ ጨርሶ ቤቱን መርቆ ድግሱን ሲያነሣ ከላዩ ሌላው ይጀምራል። አራስ ያለችበት ቤት፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ነርስ ያለበት ቤት፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ያለበት ቤት አይለይም። ደረጃው በአሸዋና በአቧራ ተሞልቶ አዛውንት ይንሸራተቱበታል። ይህን ሥርዓት ማስያዝ ያለበት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህን ማኅበር ያቋቋመው ለዚህ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የሕንፃው አካል የሁላችን ነው፣ የጋራ ወጪም የሁላችን ነው። በተግባር ግን ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቤቱን ያከራየው አይመጣም፣ ተከራዩ አያገባኝም ይላል። ለዲናሞ ጥገና የሚዋጣው ገንዘብ ስለማይሞላ ውሃ በፈረቃው ቀን መጥቶ እንኳ አራተኛ ፎቅ አይወጣም።

ውሃ አይወጣም ሲባል ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን መፍትሔ ይፈልጋል። በረንዳው ላይ ሮቶ ያስቀምጣል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። ሰው ቆሞ ፀሐይ ሊሞቅበት፣ ልብስ ሊሰጣበት የተሠራ በረንዳ አንድ ቶን ቀንና ሌሊት እንዲሸከም ይደረጋል፤ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። የማሻሻል ነገር ሲነሣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ከማን አንሼ የሚለውም አለ። አንዱ ጂፕሰም ኮርኒስ ካሠራ ሁሉም ያሠራል፤ ይህ ኪስ ይጎዳል እንጂ ሰው አይጎዳም። አንዱ ግን ሳሎኑን ለማስፋት የኩሽናውን ግድግዳ አፈረሰ ሲባል ሌላውም መዶሻ ያነሣል። ብሎኬት ግድግዳ በአብዛኛው ሕንፃውን አይሸከምም፤ የሚሸከሙት ኮለኑና ቢሙ ናቸው። ሆኖም ማን መሐንዲስ ጠይቆ ያፈርሳል? ፍሪጅ አልገባ ብሎት የኮለኑን ጠርዝ እስከ ብረቱ ድረስ ያስፈለጠ ሰው ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ብረቱ ወጥቶ ይታያል። በጂፕሰም ሸፈነው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው የጂፕሰሙ መብራት ላይ ነው። ከላዩ ሌሎች ቤተሰቦች ይኖራሉ። በገንዘባችሁ ያሻችሁን አድርጉ እላለሁ፤ ኮለኑና በረንዳው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም።

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀው ልመለስ፤ ለምን አትከሱም? እንዳቅሜ ጠይቄያለሁ። ከቢሮ ቢሮ ተልኬያለሁ፤ አንዱ ተቋራጩን ጠይቂ አለኝ፣ ተቋራጩ ሥራውን አስረክቦ ሄዷል ተባልኩ፣ ሌላው ማመልከቻ አስገቢ አለኝ፣ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ቀረ። ቆይቶ የገባኝ ነገር ይህ ነው። በመንግሥት ግንባታ ተቋራጩ ሥራውን ሲጨርስ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ያደርጋል። ከዚያ በተለምዶ አንድ ዓመት ያህል የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ የተገኘውን ብልሽት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያርማል፣ ለዚህም ከክፍያው የተያዘ ገንዘብ አለ። ጊዜው ሲያልፍ የመጨረሻ ርክክብ ተደርጎ መያዣው ይለቀቅለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተቋራጩና በአሠሪው መሥሪያ ቤት መካከል ነው። እኛ የለንበትም። ቤቱ ግን በዚያ ዓመት ባዶ ነው፤ ውሃ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ሻወር የሚወስድ፣ እንጀራ የሚጋግር ሰው የለበትም። ውሃ ያልገባበት ቧንቧ ማፍሰሱ በምን ይታወቃል? ዕጣው ወጥቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ መሠረተ ልማቱ ገብቶ ሰው ሲገባ የማረሚያው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ብልሽቱ መታየት የሚጀምረው ተቋራጩ መያዣውን ወስዶ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህ የማይታረም ነገር ቢሆን ዝም ባልኩ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ሐሳቡ ለዚህች አገር አዲስ አይደለም። የሚያስፈልገው የማረሚያው ጊዜ ሰው ቤቱ ከገባበት ቀን እንዲቆጠር ማድረግ ነው። የሚያስፈልገው ከርክክብ በፊት ቧንቧው በውሃ ተሞልቶ ግፊቱ እንዲፈተሽ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ፈስሶ መንገዱ እንዲታይ፣ የምጣዱ ሶኬት ተፈትቶ ሽቦው እንዲለካ ማድረግ ነው። ቧንቧውና ሽቦው በየትኛው ግድግዳ እንዳለፈ የሚያሳይ ንድፍ ከቁልፉ ጋር ቢሰጠን ደግሞ ሥዕል ልንሰቅል ስንበሳ ቧንቧ ባልበሳን ነበር። ከእነዚህ አንዱም ውድ አይደለም። በየቤቱ አፍርሶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

በጣም የማዝነው ለማይችሉት ነው። እኔ ብድር ጨምሬ፣ ዕቁብ ቀድሜ ወስጄ፣ እንደምንም ብዬ ገብቻለሁ። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ የጀመረባቸው፣ የውስጡን ሥራ መጨረስ ስላልቻሉ አሁንም ኪራይ የሚከፍሉ፣ ሁለቱን በአንድ ደመወዝ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ቤቱን እንዳለ ያከራዩና ራሳቸው ከከተማው ጫፍ ርካሽ ክፍል ይገባሉ። ዓመታት ቆጥበው ያገኙትን ቤት አንድ ሌሊት ሳያድሩበት። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከመጸዳጃው በስተቀር ምንም ሳታሠራ ገብታለች። በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፋ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ቤቷን ሳየው ንጹሕ ነው፣ ያምራልም። መጸዳጃው ግን የእኔው ዓይነት ፌስታል ነበረበት፤ ለእሱ የከፈለችው ለልጆቿ ዩኒፎርም የያዘችውን ነው።

እና ቁልፍ ልትረከቡ የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ ሴራሚክ ከማማረጣችሁ በፊት ስሙኝ። ለርክክብ ስትጠሩ ብቻችሁን አትሂዱ፤ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያንና የቧንቧ ሠራተኛ ለግማሽ ቀን ከፍላችሁ ውሰዱ። አንድ ጀሪካን ውሃ ያዙ። መጸዳጃው፣ ኩሽናው፣ በረንዳው ላይ አፍሱና ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ እዩ። ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ በሩን ከፍታችሁ ዝጉት፣ የምጣዱን ሶኬት አስፈቱ። ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ስልክ ያን ቀን ተቀበሉ። ያያችሁትን ጉድለት አንድ በአንድ በወረቀት አስፍሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ይደረግልን በሉ። አይሆንም ቢሏችሁም ጎረቤቶቻችሁን አስተባብራችሁ በጋራ ጠይቁ። ፊርማችሁን ከዚያ በኋላ አኑሩ።